እናትየውን ማን ጠየቃት?

ሕፃን ከተወለደ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ይቀርባል፤ በ9ኛው ወር ደግሞ ለኩፍኝ ይመለሳል። በእነዚህ ቀናት ሕፃኑ ይመዘናል፣ ይወጋል፣ ቀጠሮው ካርዱ ላይ ይጻፋል። አዝላው የመጣችው እናትስ? «አንቺስ ደህና ነሽ?» የሚላት ባለሙያ ብታገኝ እንኳ ጥያቄው የሚመጣው በወረፋ መሀል፣ አማቷ አጠገቧ ተቀምጣ ነው። መልሱም የታወቀ ነው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ስለ ሴቶች የአእምሮ ጤና ሲነሳ «አፍረው አይመጡም» ይባላል። ሐፍረቱ መኖሩ አይካድም። ግን የጤና ጣቢያን ወረፋ ያየ ሰው ሁሉ ከወንድ ይልቅ ሴት እንደምትበዛበት ያውቃል። ለእርግዝና ክትትል ይመጣሉ፣ ለወሊድ መከላከያ ይመጣሉ፣ የታመመ ልጅ ታቅፈው ይመጣሉ። ጭንቀታቸውም አብሯቸው ይመጣል። ሳይታይ የሚመለሰው ለብቻቸው አድርጎ የሚጠይቃቸው ስለማይገኝ ነው፤ የሚጠይቅ ቢገኝም ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ገንዘብ፣ ጊዜና ፈቃድ በሌላ ሰው እጅ ስለሆነ ነው።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት፣ ድባቴ (ዲፕሬሽን) በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ በ50 በመቶ ገደማ ይበዛል። ከነፍሰ ጡሮች 10 በመቶ፣ ከወለዱት ደግሞ 13 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ሕመም ያገኛቸዋል፤ ሕመሙም በአብዛኛው ድባቴ ነው። በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ ወደ 15.6 እና 19.8 በመቶ ከፍ ይላል። «ሆርሞን ነው» ለሚለው መልስ እዚሁ ልዩነት ውስጥ አለ። የወሊድ ሆርሞን ስቶክሆልምም ቡታጅራም አንድ ነው፤ የማይመሳሰለው የአራሷ ኑሮ ነው።

ቡታጅራን በአጋጣሚ አላነሳናትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ያካሄደውንና እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ያደረገውን የቤት ውስጥ ጥቃት ጥናት ሲሠራ ከኢትዮጵያ የተመረጠው የቡታጅራ ዙሪያ ገጠር ነበር። ባል ወይም የወንድ ጓደኛ ኖሯቸው ከሚያውቁት ሴቶች 71 በመቶዎቹ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ከእሱ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በጥናቱ ከተካተቱት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ይህ ነው። በዚያው ወረዳ 1,065 ነፍሰ ጡሮችን እስከ ወሊድና ከዚያም በኋላ የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ በእርግዝናቸው ወቅት በጭንቀትና በድባቴ የተያዙ እናቶች ምጣቸው ከ24 ሰዓት በላይ የመራዘም፣ ጡት ማስጀመራቸውም የመዘግየት ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። «የአእምሮ ጤና ቅንጦት ነው፣ መጀመሪያ እናትየው በሰላም ትገላገል» ለሚሉ የጤና ኃላፊዎች ይህን ውጤት ማሳየት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ደግሞ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ወጥ በማሳረር፣ ከባል ጋር በመከራከር፣ ሳይነግሩ ከቤት በመውጣት፣ ልጅን ችላ በማለት ወይም አብሮ አልተኛም በማለት፣ ከእነዚህ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው፤ ወንዶቹ 28 በመቶ። ይህን አንብቦ «ሴቶቹ ራሳቸው ተስማምተዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። በሥነ አእምሮ ክፍል የሚሠራ ሰው ግን ሌላ ነገር ያነብበታል። ዱላው የሚገባት ነው ብላ ያደገች ሴት ስትመታ «ተበደልኩ» አትልም፤ «አጠፋሁ» ትላለች። ራስን መውቀስና ዋጋ ቢስ ነኝ ማለት ደግሞ ከድባቴ ዋና ዋና ምልክቶች ናቸው። ባለሙያው ያደገችበትን አስተሳሰብ ከሕመሙ ምልክት ለመለየት የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ምርመራ ክፍሉ እንግባ። ድባቴ የያዛት እናት «አዝኛለሁ» ብላ አትመጣም። «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሰውነቴ ዛለ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ትላለች። ከዚያ የሚሆነው በየጤና ጣቢያው ተመሳሳይ ነው። ለጨጓራው ኦሜፕራዞል፣ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ወይም ዲክሎፌናክ ይታዘዛል። ደም ትሰጥና «ታይፎይድና ታይፈስ» ትባላለች፤ አንቲባዮቲክ ይጨመራል። ከወር በኋላ በዚያው ቅሬታ ትመለሳለች። ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ «የምትመላለሰዋ» የሚል ስም ይወጣላታል። በአንድ ዓመት ውስጥ ምርመራው ምንም ሳያሳይ ለተመሳሳይ ቅሬታ ሦስት ጊዜ የመጣችን ሴት ስለ ስሜቷ አለመጠየቅ የምርመራ ጉድለት ነው።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። «ጭንቀት ነው» ብሎ በማረጋጊያው መድኃኒት በዳያዜፓም መሸኘት። ከወለዱ በኋላ መዛልና መዳከም የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ በ2016ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶዎቹ የደም ማነስ ነበረባቸው። ስለዚህ ሄሞግሎቢን ይለካ። ልብ መምታት፣ መክሳትና መነጫነጭ ካለ የእንቅርት ዕጢ ይመርመር፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ዕጢው ከመጠን በላይ ሊሠራ፣ ቀጥሎም ሊደክም ይችላል። ዳያዜፓም ግን ድባቴን አያክምም፣ ሱስ ያስይዛል፣ በጡት ወተትም ወደ ሕፃኑ ያልፋል።

ለመጠየቅ አራት ነገር ይበቃል፦ የሚዘጋ በር፣ ብቻዋን መሆኗ፣ አሥር ደቂቃና ትክክለኛ አጠያየቅ። አማቷን ወይም ባሏን ለማስወጣት ግጭት አያስፈልግም። «ሁሉንም እናቶች ለብቻ ነው የምንመረምረው» ብሎ የክፍሉ ደንብ ማድረግ ነው፤ ሁሉም ላይ ከሠራ ማንም አይጠረጥርም። ሕፃኑን አያቱ ይዛ ውጭ ትቆይ። ያኔ «እህቴ፣ ከወለድሽ ወዲህ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ አንቺ እንቅልፍ እምቢ ይልሻል?» ብሎ መጀመር ይቻላል። አራስ ሁሉ እንቅልፍ ያጥራታል፤ ድባቴን የሚጠቁመው ሕፃኑ ተኝቶም መተኛት አለመቻሏ ነው። ቀጥሎ ሆድ ይብሳት እንደሆነ፣ እንደ ወትሮው ሥራዋን መሥራት አቅቷት እንደሆነ፣ ደስ ይላት የነበረው ነገር አሁን እንደማያስደስታት ይጠየቃል። የመጨረሻው ጥያቄ ሞትን የሚመለከት ነው። «ብሞት ይሻለኛል ያልሽበት ጊዜ አለ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም። ካለም «እንዴት አድርገሽ አስበሽ ነበር?» ተብሎ ይቀጥላል።

በወረቀት መሥራት ለሚፈልግ በ20 የአዎን ወይም የለም ጥያቄዎች ያለፉትን 30 ቀናት የሚመዝነው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ በአማርኛ አለ። በቡታጅራ እናቶች ላይ ሲሠራበት 6 እና ከዚያ በላይ «አዎን» እንደ መለያ ተወስዷል። የወላዶችን ድባቴ ለመለየት በውጭ አገር የታወቀው የኤድንበርግ መጠይቅ አዲስ አበባ ላይ ደህና ሠርቷል፣ ገጠር ቡታጅራ ላይ ግን ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። የመጠይቅ ውጤት ግን ምርመራ አይተካም፤ 6 ስላገኘች ብቻ መድኃኒት አይጀመርም።

ውጭ አገር የምትወልድ ኢትዮጵያዊት ደግሞ የተዘጋውን በርና አሥሩን ደቂቃ ታገኛለች፤ የሚያስተረጉምላት ግን ባሏ ወይም የአሥር ዓመት ልጇ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ማጥናት ለአንዲት ነፍሰ ጡር ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ጥቃት መኖሩ ሲነገር ነገሩ ይከብዳል። በ2016ቱ ጥናት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንምም አልተናገሩም። ገመና ነውና። ስለዚህ የነገረችው ባለሙያ ምናልባት የመጀመሪያው ሰው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ደግሞ ሁሉን ይወስናሉ። «ምን አድርገሽው ነው?» የሚል ጥያቄ በሩን ይዘጋዋል። «ቻል አድርጊው፣ ለልጆችሽ ስትይ» የሚለውም እንዲሁ። መስማት፣ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ መንገር፣ ዛሬ ማታ ቤት መመለስ ያሰጋት እንደሆነ መጠየቅ። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው።

ባልን ጠርቶ «እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ» ማለት የብዙ ቅን ሰዎች ስህተት ነው። ባልየው ዝም ብሎ ይሰማል፣ ቤት ሲገቡ ለምን ተናገርሽ ብሎ ይመታታል፣ ዳግመኛም ጤና ጣቢያ አትመጣም። ሽምግልናም በዚህ ጉዳይ ላይ ያው አደጋ አለው፤ የሽማግሌዎች ዓላማ ትዳሩን ማትረፍ ነው፣ የእሷ ደህንነት ሁለተኛ ይሆናል። ሌላው ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር ካርድ ላይ የሚጻፈው ነው። እናትየዋ ይዛው የምትሄደው ካርድ ቤት ውስጥ ማንም ያነበዋል፤ ጥቃቱ የሚመዘገበው በተቋሙ በሚቀረው መዝገብ ላይ ብቻ ነው። የምትደውልበት ስልክ የባሏ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ በስልክ አይታወስም።

አስገድዶ መደፈር ካለ ሰዓት ይቆጠራል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የአስቸኳይ ወሊድ መከላከያ በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይሻላል፣ ከ5 ቀን አያልፍም። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ሥነ ልቦናውንና ፖሊሱን አንድ ቦታ ያሰባሰበ ማዕከል አለው። በትዳር ውስጥ ሲሆን ግን ሕጉ ራሱ ያቆማታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ ገድቦታል። ባሏ የደፈራት ሴት ሕክምና ታገኛለች፣ በዚህ አንቀጽ ግን ልትከስሰው አትችልም። ይህን ክፍተት አይቶ እንዳላየ ሆኖ ስለ ሴቶች የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ መጻፍ ለእኛ አይዋጥልንም።

መድኃኒት ላይ ጾታ ብዙ ይለውጣል፤ ብዙ ጉዳትም እዚህ ላይ ይደርሳል። ለሚጥል በሽታና ስሜት ከልክ በላይ ለሚዋዥቅበት ለባይፖላር ሕመም የሚታዘዘው ቫልፕሮት በእርግዝና ከተወሰደ ከ100 ሕፃናት 10 የሚሆኑት የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ የአእምሮ ዕድገት ችግር ይታይባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መውለድ ለምትችል ሴት እንዳይሰጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። «አላረገዝኩም» ማለቷ አይበቃም፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ብዙዋ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ባሉት ሳምንታት ነውና። ቀድሞ የጀመረችው ግን በራሷ በድንገት እንዳታቆም። የሚጥላት ከሆነ ማቆሙ ራሱ ሊገድላት ይችላል፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀይርላት።

ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታል ሌላ ወጥመድ አላቸው። ጉበት የወሊድ መከላከያ ሆርሞኑን ቶሎ እንዲያጠፋው ያደርጉታል፤ የሚዋጠው እንክብልና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው እንደ ኢምፕላኖን ያለው ይዳከማል። በየሦስት ወሩ የሚወጋው ዲፖና በማኅፀን የሚገባው የመዳብ ሉፕ ግን አይነኩም። ችግሩ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሏ ነርስ ስለ ፌኖባርቢታሉ አለማወቋ፣ የሥነ አእምሮ ነርሱም ስለ ኢምፕላኖኑ አለመጠየቁ ነው። ሁለቱ ክፍሎች ብዙ ጊዜ በአንድ ኮሪደር ላይ ናቸው።

ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ሪስፐሪዶን ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋሉ፤ የወር አበባ ሊቀር፣ ካልወለደች ሴት ጡትም ወተት ሊወጣ ይችላል። አስቀድሞ ካልተነገራት ወይ «አረገዝኩ» ብላ ትደነግጣለች፣ ወይ «መካን አደረገኝ» ብላ መድኃኒቱን ትጥላለች። ልጅ አለመውለድ ትዳር በሚያፈርስበት አገር ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። የወር አበባዋ ቢቀርም ማርገዝ ትችላለች፤ መድኃኒቱ ሲቀየር ወይም መጠኑ ሲቀነስ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ለድባቴ ራሱ ጤና ጣቢያ ላይ በብዛት የሚገኙት ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። ፍሉኦክሴቲን በቀን 10 ሚሊግራም ተጀምሮ ከሳምንት በኋላ ወደ 20 ይወጣል፤ አሚትሪፕቲሊን ማታ በ25 ይጀመራል። ለውጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይዘገያል፣ የአፍ መድረቅና ማቅለሽለሹ ግን በመጀመሪያው ቀን ይመጣል። «አሳመመኝ እንጂ አልረዳኝም» ብለው የሚያቋርጡት በዚህ ክፍተት ነው። ከተሻላትም በኋላ ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። ለምታጠባ እናት ከተገኘ ሰርትራሊን ይመረጣል፤ ወደ ወተቱ የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። «መድኃኒት ከጀመርሽ ጡት አስጥይ» ብሎ መሸኘት ግን ሕፃኑንም እሷንም መጉዳት ነው።

አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተወሰደ ልብን ያቆማል። ራሷን የማጥፋት ሐሳብ ላላት ሴት የአንድ ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ የአንድ ሳምንት ቢሆን ይሻላል፣ የሚይዝላትም ሰው ይኑር። ማን ይያዘው? «ባል ይያዘው» ማለት ቀላል ነው። የሚመታት እሱ ከሆነ ግን መድኃኒቷን ሌላ መቅጫ ታደርጉለታላችሁ። እህት፣ እናት ወይም ጎረቤት እሷ ራሷ ትምረጥ። ገጠር ከሆነ ደግሞ የአዝመራ ተባይ ማጥፊያው ከቤት ወጥቶ ይቆለፍበት።

ሳይቀጠር በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያለበት አንድ ነገር አለ። ከ1,000 ወላዶች አንድ ወይም ሁለቱ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በወለዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ አእምሮ በድንገት ይናጋል። ሳትተኛ ታድራለች፣ ድካምም አይሰማት፤ ንግግሯ አይያያዝም፣ «ልጁ የኔ አይደለም፣ ቀይረውብኛል» ትላለች። ቤተሰብ ምች ነው፣ ለከፋት ነው ይላል። ካህኑ ቤት መጥቶ ጠበል ቢረጭላት ክፋት የለውም፤ በዚያው ቀን ግን ድንገተኛ ክፍል ትድረስ። እሷንም ሕፃኑንም ብቻቸውን አለመተው፤ ማሰርና መምታት ፈጽሞ አይገባም። ፈጥና ከታከመች በአብዛኛው በደንብ ትድናለች። ከወለዱ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የሚመጣው ማልቀስና መነጫነጭ ግን ብዙ እናቶች ላይ ይታያል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ያልፋል። ከሁለት ሳምንት ካለፈ ነው መታየት ያለበት።

ቤት ውስጥ ምን ይደረግ ለሚሉን ባሎችና አማቶች «አበረታቷት» አንልም። ሌሊት ከአንድ ጡት ማጥባት በኋላ ሕፃኑን ሌላ ሰው ይውሰደውና እሷ ሳትነቃ አራት ወይም አምስት ሰዓት ትተኛ። ውሃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቅመው ማን እንደሆነ በስም ይወሰን። የአራስነት ዕረፍት ባህላችን ነው ይባላል፤ ገንፎውም አጥሚቱም ያለው ግን ረዳት ባለበት ቤት ነው። እናቷ ሩቅ የሆኑባት ወይም የሞቱባት፣ ጎጆ የወጣች ድሃ ሴት በሳምንቷ ጀሪካን ተሸክማ ትታያለች። ጽንስ ለወረደባት ደግሞ ድንኳን አይተከልም፣ ለቅሶ የሚደርስ የለም፤ «ገና ወጣት ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ተብላ በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ ትመለሳለች።

ገንዘቡም አለ። የወሊድ አገልግሎት ነጻ ነው፤ የድባቴ ሕክምናዋ ግን በአብዛኛው በዚያ ነጻ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። የማኅበረሰብ ጤና መድህን ደብተር የሚወጣው ለቤተሰብ ነው፣ የሚቀመጠውም ብዙውን ጊዜ አባወራው ዘንድ። የትራንስፖርቱን ሳንቲም ለማግኘት ለምን እንደምትሄድ መናገር አለባት። ስለዚህ ለእናትየዋ የተለየ ቀጠሮ መስጠት ብዙ ጊዜ ቀጠሮ ማስቀረት ነው። ክትትሏን ከሕፃኑ ክትባት ቀን ጋር ማገጣጠም ይቻላል፤ በ6ኛው ሳምንት የተጀመረ መድኃኒት በ10ኛው ይታያል፣ በ14ኛው መጠኑ ይስተካከላል። ለልጅ ክትባት ከቤት ለመውጣት ፈቃድ የሚከለክል የለም።

መድኃኒት የማያስፈልጋት ብዙ ናት፤ ለእሷ የሚያስፈልገው የሠለጠነ ሰው ንግግር ነው። «የሥነ ልቦና ባለሙያ የለንም» የሚለው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2008 ከፓኪስታን በመጣ ውጤት ተዳክሟል። ራዋልፒንዲ ገጠር ውስጥ በማኅበረሰብ ደረጃ የሚሠሩ ተራ የጤና ሠራተኛ ሴቶች ሠልጥነው ቤት ለቤት 16 ጊዜ እናቶችን አነጋገሩ። ከወሊድ 6 ወር በኋላ ድባቴው ያልለቀቃቸው ከተነጋገሩት መካከል 23 በመቶ፣ ካልሠለጠኑ ሠራተኞች የተለመደ ጉብኝት ብቻ ካገኙት መካከል 53 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በመመሪያ መልክ አውጥቶታል። እኛ ደግሞ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው፣ ቤቶቹንም ያውቋቸዋል። ሲጎበኙ ግን መዝገባቸው የሚጠይቃቸው ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባትና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ነው። መዝገቡ ላይ ስለ እናትየዋ ስሜት አንድ አምድ ቢጨመር፣ «አዎን» ስትል ወዴት እንደምትላክም የጤና ጣቢያው ነርስ ስምና ቀን አብሮ ቢጻፍ፣ ሥራው ከዚያ ይጀመራል።